ጎጎ ሪቫና አሥራ አራቱ ወረቀቶች

መርዶው የመጣው በዋትስአፕ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ጄፔ ጎዳና፣ ከሱቄ ደጃፍ ላይ መጋረጃ እየሰቀልኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከአውስትራሊያ ነው፤ የጎጎ ሪቫ የወንድማቸው ልጅ ሌስሊ የላከው። “አክስቴ ሪቫ ከትናንት በስቲያ በእንቅልፏ አርፋለች። ቀብሩ ተፈጽሟል። ስላደረግህላት ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል” ይላል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ።

እኛ አገር ሰው ሲሞት እንኳን ጎረቤቱ መንገደኛውም ቆሞ አፈር ያለብሳል። እኔ ግን ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብሬያቸው የኖርኩትን ሰው አልቀበርኩም። “ስላደረግህላት ሁሉ” የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ያደረግኩላቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ያደረግኩባቸውን ግን ነግሬም ያመነኝ የለም። መጋረጃውን ሰቅዬ ጨረስኩና ውስጥ ገብቼ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብዬ መናገር ብችል ደስ ባለኝ፤ አልመጣልኝም።

ያወቅኋቸው ከከተማው ውጭ፣ ካትሌሆንግ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የነበረችኝ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በተዘረፈች ሰሞን ነው። የለበስኩትን ልብስ ብቻ ይዤ ከተማ ገባሁና ማደሪያ ስፈልግ ቤዝ ቫሊ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አንድ የዛገ አጥር ላይ የካርቶን ማስታወቂያ አየሁ፤ “ክፍል ይከራያል፤ ለሠራተኛ ብቻ” የሚል። አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ነጭ አሮጊት ናቸው። ያኔ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሰፈሩን የነጭ ዘር ሁሉ ለቅቆት ሲሄድ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

“ሠራተኛ ነህ?” አሉኝ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

“ባለሱቅ ነበርኩ። አሁን ምንም አይደለሁም።”

“የሠራተኛ ማኅበር አባል ነህ?”

“አይ፣ የቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ጴንጤ ነኝ።”

ትንሽ አሰቡ። “ይሁን፤ መደራጀት መደራጀት ነው። ግባ።”

የመጀመሪያው ጠባችን በስም ላይ ነበር። ማዳም ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። “በዚህ ቤት ማዳም የለም፤ ሪቫ በለኝ” አሉ። እኔ ደግሞ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አያቴን የሚያህሉ ሴት በባዶ ስማቸው ከምጠራ ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። ይህን ስነግራቸው ከልባቸው አዳመጡኝና “እንግዲያው በድምፅ ይወሰን” አሉ። እጃቸውን አወጡ፤ እኔም በተቃውሞ አወጣሁ። አንድ ለአንድ። በዚህ መሐል በአጥሩ ጥግ ያለፈች የዙሉ ጎረቤታችን ተጠርታ ድምፅ እንድትሰጥ ተደረገ። “እኛ እኮ ጎጎ ነው የምንላት” አለች፤ በዙሉ አያቴ ማለት ነው። በዚያው ጸና።

ቤቱ ሁሉ የሚተዳደረው እንደዚህ ነበር። ማን ሳህን እንደሚያጥብ፣ የጎረቤት ድመት ይመገብ ወይስ ይባረር፣ ሬዲዮው ላይ ዜና ይሁን መዝሙር፣ ሁሉም በስብሰባ። አጀንዳውን በእጃቸው ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉታል። ሁለት ሰው ስለሆንን ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ነው። ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ሁለቴ ያንኳኩና “ውሳኔ የለም፤ ስብሰባው ተበትኗል” ይላሉ። ከዚያ ሳህኑን እኔ አጥባለሁ፤ ድመቷም ትበላለች። እኔ መጀመሪያ ላይ የእርጅና ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሌላ የአኗኗር መንገድ እንደማያውቁ ገባኝ፤ ያደጉት ስብሰባ ውስጥ ነው።

አባታቸው ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁድ ናቸው። ሥራቸው ቤት መቀባት ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሐል፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ዶርንፎንቴይን ውስጥ፣ እንደ እሳቸው ያሉ ልብስ ሰፊዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና አናጢዎች ያቋቋሙት አንድ ክበብ ነበር። የሚነጋገሩት ይዲሽ በሚባለው የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። መዘምራን አላቸው፤ ቲያትር ይሠራሉ፤ አድማ ሲመታ ሾርባ ያበስላሉ፤ የሂትለር ደጋፊዎች ስብሰባቸውን ሊበትኑ ሲመጡ ወንበር ሰብረው እግሩን ዱላ አድርገው ይጠብቃሉ። የጎጎ አባት ቀን የሀብታም ግድግዳ ሲቀቡ ውለው ማታ ክበቡ ገብተው የቲያትር መጋረጃ ይሥላሉ። ዋናው ሥራቸው ግን ሌላ ነበር። ከፈረሰ ቤት የለቀሙትን ሊኖሊየም፣ ያን የወለል ንጣፍ፣ በስለት እየቀረጹ፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትሙታል። ከቤቷ የተባረረች መበለት፣ ከጉድጓድ ሬሳው የወጣ ማዕድን ቆፋሪ፣ የፋብሪካ በር ላይ የቆሙ ልብስ ሰፊ ሴቶች። እነዚህን አባላቱ ተከፋፍለው በፋብሪካ በር፣ በትራም ፌርማታና በሥጋ ቤት መስኮት ላይ ይለጥፏቸዋል። ጋለሪ የሚባል ነገር ውስጥ አንድም ቀን አልተሰቀሉም። ስማቸውንም አልፈረሙባቸውም።

ጎጎ ያኔ የአምስት የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እርጥቡን ሥዕል ግቢ ውስጥ ከታጠበ ልብስ ጋር በመቆንጠጫ ማስጣት የእሳቸው ሥራ ነበር። “በልጅነቴ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቼ አላውቅም” ይሉኝ ነበር፤ “ሁሉም የማዕድን ቆፋሪ ፊት ታትሞበታል።”

ከዚያ ሁሉ የተረፉት አሥራ አራት ነበሩ። ፖሊስ የግራ ዘመም ሰዎችን ቤት መፈተሽ ሲጀምር እናታቸው ያገኙትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። አሥራ አራቱ የተረፉት መሳቢያ ውስጥ ከአንሶላ ሥር ተነጥፈው ስለነበር ነው። ጎጎ በአንድ ቡናማ ሻንጣ አድርገው አልጋቸው ሥር ያኖሯቸዋል። በወር አንድ ቅዳሜ ይወጣሉ። እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፤ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፋል፤ አንድ በአንድ አየር ያገኛሉ። እሳቸው እያንዳንዷን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያሸቷታል። እኔም እንዳሸት ያደርጉኛል። ለእኔ የአሮጌ መኪና ዘይት ነው የሚሸተኝ፤ “ጥሩ ነው ጎጎ” እላለሁ።

አንድ ቀን አንዷን ገፋ አደረጉልኝና “ይህቺ ያንተ አገር ናት” አሉኝ። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ክበቡ ለተቃውሞ ያሠራት ናት። ከላይ አውሮፕላኖች፤ ከታች ልጇን ያቀፈች ሴት። ሴትየዋ ሻሽዋን አገጯ ሥር ቋጥራለች፤ ወፍራም ካፖርት ደርባለች፤ እግሯ ቦቲ ውስጥ ነው።

“ጎጎ፣ ይቺ ሴት እንኳን የእኛ አገር ሰው የሱዳን ጎረቤትም አትሆንም” አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። “አባቴ እኮ ኢትዮጵያዊ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የተበደለ ሰው መሣል ሲፈልግ የሚመጣለት አንድ ፊት ብቻ ነው። የእናቱ።”

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ሳያቸው እውነትም እሷው ናት። ከቤቷ የተባረረችው መበለት እሷ ናት፤ የማዕድን ቆፋሪው እናትም እሷው። ከአሥራ አራቱ በስድስቱ ላይ አለች። ሳቃቸው ሲያልቅ የቀረውን ነገሩኝ። ጀርመኖች ሊትዌኒያ ሲገቡ አያታቸውን ከመንደሩ አይሁድ ሁሉ ጋር ጫካ ወስደው ረሸኗቸው። ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፤ ቢኖርም የሚያስቀምጠው ሰው አልተረፈም። “በዓለም ላይ ፊቷ ያለው እዚህ ብቻ ነው” አሉና በጣታቸው ሳይነኩ ከላይ ከላይ አሳዩኝ።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዣቸው ሄጃለሁ። ምእመናኑ እንደ ንግሥት ተቀብለው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነው ጸለዩላቸው። እሳቸው ደግሞ በመዝሙሩ ሰዓት እግራቸውን እየመቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ስንወጣ እንዴት ነበር ብላቸው “ዜማው ግሩም ነው። ጥያቄያችሁ ግን ምንድን ነው? መዘምራን ጥያቄ ሊኖረው ይገባል” አሉኝ። ታክሲ ስንጠብቅ ደግሞ “የክበባችንን መዝሙሮች አሁን የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ሰው ብቻውን መዘምራን አይሆንም” አሉ። ያን ቀን ያየሁባቸውን ፊት አልወደድኩትም። ሳቂታ ሴት ነበሩ፤ ከሳቁ ሥር ግን ምንም እንደሌለ ያን ቀን አየሁ። የታገሉለት ዓለም አልመጣም፤ አብረዋቸው የታገሉት ሞተዋል፤ እነዚያ የተረሸኑት ደግሞ መቃብር እንኳ የላቸውም። የቀራቸው ሻንጣዋ ነበረች። “ሰው ያላየው ሥዕል ወረቀት ነው” ይሉ ነበር። ከመሞታቸው በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሥራ አራቱ እንደገና ግድግዳ ላይ ወጥተው አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንዲያያቸው።

ተስፋው የመጣው በታንዲ በኩል ነው። ታንዲ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ክምችት ክፍል የመጣች የሶዌቶ ልጅ ናት። ስለ ክበቡ ስታጠና የጎጎን ስም አግኝታ በራችንን አንኳኳች። ሻንጣዋ ስትከፈት ነጭ ጓንት አጠለቀችና አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች ጋ ስትደርስ “አያቴ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው” አለችና ዓይኗን ጠረገች። ጎጎ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኩ፤ በእሳቸው ቤት ይህ ትልቅ ጭብጨባ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ መጥታ ልትረከባቸው፣ በክረምቱ ደግሞ ለሕዝብ በነጻ ሊታዩ ተስማሙ። ወራሽ ስለሆነ የሌስሊም ፊርማ ያስፈልጋል ተብሎ ስልኩን ወሰደች። ጎጎ ያን ሰሞን ገላቸውን እየታጠቡ በይዲሽ ሲዘፍኑ እሰማቸው ነበር።

ልትመጣ አምስት ሳምንት ሲቀራት ጎጎ ኩሽና ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧቸው ሕመሙ ፊታቸውን አጥቁሮት እያለ እጅጌዬን ያዙኝ።

“ሻንጣዋን ጠብቅ። ሌላ ነገር አትጠብቅ፤ ቤቱ ቢቃጠልም እሷን ብቻ አውጣ።”

“በእኔ ጣሉት ጎጎ” አልኳቸው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላል አገሬ። ከልቤ ነበር የማልኩት።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ጆሃንስበርግ ላይ ያ የታወቀው የበጋ በረዶ ወረደ። ጄፔ ከከፈትኳት ሱቄ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ አሮጌው ቆርቆሮ አፍስሶ የጎጎ መኝታ ቤት ወለል ውሃ ተኝቶበታል። ሻንጣዋ አንድ ጎኗ ርሷል። አውጥቼ ሳያቸው እግዚአብሔር ይመስገን ቀለሙ አልለቀቀም፤ ጥግ ጥጋቸው ብቻ ነው የረጠበው። እሳቸው በልጅነታቸው እንዳደረጉት ገመድ ዘርግቼ በመቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። በሁለተኛው ቀን የደረቁ መሰለኝ። ሰማዩ ግን እንደገና እየጠቆረ ነበር። ይህ ጣሪያ እሳቸው እስኪመለሱ አሥር ጊዜ ያፈሳል ብዬ ፈራሁ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ አገር እኛ ማለት የያዝናት አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። ካትሌሆንግ ሱቄ የተዘረፈ ቀን በዝናብ ስሮጥ የጥገኝነት ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ረጠበች፤ ማኅተሙ ፈሰሰ። በነጋታው የያዘኝ ፖሊስ “ይህ አይነበብም” ብሎ ቀዳዶ ጣላትና አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። አዲሷን እንዳገኘሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ላሚኔት ማስደረግ ነው። ጄፔ ላይ ወረቀቱን ላሚኔት ያላስደረገ ሐበሻ ካገኛችሁ እሱ ትናንት የመጣ ነው። ለእኛ ውድ የሆነ ወረቀት ሁሉ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጅ የልደት ካርድ፣ የሞተ አባት የመጨረሻ ደብዳቤ። ሻንጣዋን ተሸክሜ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወዳጄ ተመስገን ጋ ሄድኩ።

“ምንድን ናቸው?” አለኝ።

“የአንድ እናት አደራ ነው።”

“አደራ ከሆነማ በወፍራሙ ፕላስቲክ ላድርግልህ” አለ፤ ተመስገን ደግ ሰው ነው።

አንዳንዶቹ ለማሽኑ አፍ ሰፉበት። ጠርዛቸውን በመቁረጫ ከረከምነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተሞነጫጨረ የማላውቀው ፊደል ነበረ፤ ሥዕሉን እስካልነካ ድረስ ምንም አይደለም ብለን ተስማማን። ቁርጥራጩን ተመስገን ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። አሥራ አራቱም እየሞቁ፣ እያብረቀረቁ ከማሽኑ ወጡ። ውሃ ቢያገኛቸው፣ ቡና ቢፈስባቸው፣ ምን ግዴ! እየዘመርኩ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

ጎጎ በአራተኛው ሳምንት በመራመጃ ብረት ተደግፈው ገቡ። እኔ ሞኙ ጠረጴዛው ላይ አሰልፌያቸው “ዓይንዎን ይጨፍኑ ጎጎ፣ ስጦታ አለ” አልኩ። ጨፈኑ። መርቼ አድርሻቸው ይግለጡ አልኳቸው።

መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ጎንበስ ብለው የአያታቸውን ፊት በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ፕላስቲኩ ጮኸ። ከዚያ አንስተው አሸተቱት፤ መልሰው አስቀመጡት።

“ጠርዙስ?” አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

“ተቆረጠ ጎጎ። አልገባ ብሎ ነው። ጽሑፍ ብቻ ነበር።”

“ስሞቹ ናቸው” አሉ። “ማን ይዞ ወጥቶ የት እንደለጠፈው አባቴ ይጽፍ ነበር። የራሱን አይጽፍም፤ የእነሱን ነበር የሚጽፈው።”

መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ማሩኝ ብዬ እግራቸውን ያዝኩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ምንኛ በተሻለኝ። “ለምን?” ብቻ አሉኝ። ከደረት ኪሴ የራሴን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። የታሸገችውን ወረቀቴን አንዴ፣ የታሸገችውን አያታቸውን አንዴ አዩ። ከዚያ ራሴን ዳሰሱኝና ብረታቸውን እየጎተቱ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩ ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ማለት ጀመረ። ለካስ እርጥበቱን አብሬ አሽጌበት ኖሯል።

ታንዲ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው አንድ ነበር።

“ለታንዲ እኔ ነኝ ያደረግኩት እላታለሁ” አሉ።

“አይሆንም ጎጎ! ኧረ እግዚአብሔርም አይወደው!”

“ወረቀትህ ታድሷል?”

“ገና ነው። ጊዜው አልፎ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው።”

“እንግዲያው ስማኝ። አሮጊት ብታበላሽ አርጅታለች ይባላል። አንተ ብታበላሽ ሌስሊ ፖሊስ ይጠራል። እኔን ከየትም አያባርሩኝም፤ አንተን ግን ያባርሩሃል። በድምፅ ይወሰን።”

እጃቸውን አወጡ። እኔም እንደ ልማዴ በተቃውሞ ማውጣት ነበረብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለድመትና ለሳህን ያወጣሁት እጅ ጭኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፈራሁ። እስር ቤቱን፣ የአውሮፕላኑን በር፣ ባዶ እጄን ወደ ሆሳዕና መመለሱን ፈራሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ለማንም አልሆንኩም። አንድ ለዜሮ። በዚያ ቤት በሁለታችን ድምፅ ብቻ ውሳኔ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። ጎጎ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኩ።

ታንዲ ሥዕሎቹን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። “ማን ነው እንዲህ ያደረገው?”

“እኔ ነኝ። እንዳይቆሽሹ ብዬ” አሉ ጎጎ፤ ቀና ብለው ነው የተናገሩት።

ልጅቷ አልተቆጣችም። አጠገባቸው ተንበርክካ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ቃል በቃል እየለየች፣ ምንም አይደለም ጎጎ፣ ምንም አይደለም አለቻቸው። ሙጫው ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ስለገባ መላጥ እንደማይቻል፣ ሻጋታውም እንደማይቆም ለእኔ ነገረችኝ። ክምችት ክፍሉ እንዲህ ሆኖ አይቀበላቸውም። በሩ ላይ ስሸኛት “አንተ የት ነበርክ?” አለችኝ። “ሥራ” አልኳት።

የቀረውን ታንዲ በክፋት አላደረገችውም። ፊርማው ስለቀረ ለሌስሊ ምክንያቱን ጻፈችለት። ሌስሊ በሁለተኛው ሳምንት ከአውስትራሊያ መጣ፤ ትሑት፣ የደከመው ሰው ነው። “የአያቴን ሥራ በገዛ እጇ ፕላስቲክ ውስጥ ያሸገች ሴት ነገ ጋዝ ከፍታ ብትተኛስ?” አለኝ። አእምሯቸውን የሚመረምር ሐኪም አስመጣ። ቤቱ ለሽያጭ ወጣ፤ ለእሳቸውም በሰሜን በኩል የአረጋውያን መኖሪያ ተገኘላቸው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትነገር ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። እሳቸው አልተናገሯትም፤ እኔም አልተናገርኳትም። ልብሳቸውን መኪናው ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው።

በየቅዳሜው ሁለት ታክሲ ቀይሬ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ላይ “ምስጢራችን እንዴት ነው?” እያሉ አንድ ዓይናቸውን ይጠቅሱልኝ ነበር። ሌስሊ አጽናናለሁ ብሎ ከአሥራ አራቱ አንዷን፣ ያችን ኢትዮጵያዊት የተባለችውን፣ አልጋቸው ፊት ለፊት ሰቅሎላቸዋል። ሻጋታው በአንድ ጉንጯ ጀምሮ ወደ ዓይኗ እየወጣ ነበር። ክፍሉን የሚያጸዱት ሴቶች ለመጣ ሰው ሁሉ “አባቷ የሠራው ነው፤ ራሷ ናት እንዲህ ያደረገችው፣ ምስኪን” ይላሉ። ሐኪሙም በመጣ ቁጥር “ሥዕሎቹን ያበላሸሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ?” ብሎ ይጠይቃቸዋል። አንድ ዓመት እንዲህ ሲነገራቸው ኖሩ። ዓይን መጥቀሱ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ስገባ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕንባቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።

“አባቴ ዛሬ ይመጣል” አሉኝ። “እናቱን አጥፍቼበታለሁ። ምን ብዬ ነው ፊቱን የማየው?”

“ጎጎ፣ እርስዎ አይደሉም! እኔ ነኝ፤ አበራ ነኝ ያጠፋሁት። ጄፔ ወስጄ ያሸግኳቸው እኔ ነኝ። ረሱት?”

አዘኔታ በተሞላ ዓይን አዩኝ። “አንተ ደግ ሰው ነህ። የሌላ ሰው ጥፋት አትሸከም።”

ነርሷን ጠርቼ ነገርኳት፤ እባክህ አታስጨንቃት አለችኝ። ሌስሊ ጋ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ወረቀቴ ታድሶ ነበርና አሁን ድፍረት አግኝቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና “ይህን ለማለት ማሰብህ ብቻ ትልቅ ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ” አለኝ። ለታንዲም ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችልኝም። ተመስገንን እንኳ አንድ ቀን ይዤው ሄጄ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ማሽኑን በእጁ እያሳየ መሰከረላቸው። ጎጎ እሱንም አመሰገኑት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ነው። በጣም ሳስተው ነበር፤ አእምሯቸው ግን ያን ቀን ጥርት ብሎ ነበር፤ ስለ ሱቄም ስለ ቤተ ክርስቲያኔም ጠየቁኝ። ይህ ዕድል ነው ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁና ከበረዶው ጀምሬ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ሻንጣዋን፣ ገመዱን፣ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ስብሰባውን።

“አንተ ከሆንክ” አሉኝ ስጨርስ፣ “ታንዲ የመጣች ቀን እዚያው ቆመህ ነበር። ለምን አልተናገርክም?”

ጎጎ መልሴን ጥቂት ጠብቀው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ።

“አየህ? አንተ ብትሆን ኖሮ ያን ቀን ትናገር ነበር” አሉኝ። “እኔ አውቅሃለሁ።”